የሐይቅ ቆሮሶ ከየት መጣ? አንድ ሙሉ የማይቶኮንድሪያ ጂኖም የሚመልሰውና የማይመልሰው

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ወሎ ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። «ሐይቅ» በተባለው የወሎ ሐይቅ ያለው ቆሮሶ ከሌላ ቦታ ተወስዶ የተጨመረ ዓሣ መሆኑን እሰማለሁ፤ ከየትኛው ውኃ እንደመጣ ግን በእርግጠኝነት የሚነግረኝ አላገኘሁም። የአንድ ዓሣ ሙሉ የማይቶኮንድሪያ ጂኖም ባስነብብ መልሱን አገኛለሁ ወይ? ሥራውስ ከናሙና አያያዝ ጀምሮ ውጤቱን እስከማስመዝገብ ድረስ እንዴት ይከናወናል?»

ለመጀመሪያው ክፍል መልሴ «አያገኙም» የሚል ነው። ለሁለተኛው ክፍል ግን ረዘም ያለ መልስ አለኝ፤ ሥራው በአግባቡ ከተመራ ናሙናው ወሎ ውስጥ ተሰብስቦ፣ ትንተናውም በአንድ መደበኛ ኮምፒውተር ላይ ተሠርቶ የሚያልቅ ነውና። አያገኙም ያልኩበትን ምክንያት ሳልገልጽ ወደ አሠራሩ ብገባ የሚያወጡት ገንዘብና ጊዜ ከዓላማው ጋር ሳይገናኝ ሊቀር ስለሚችል ከምክንያቱ እጀምራለሁ።

ማይቶኮንድሪያ በሴል ውስጥ ኃይል የሚመነጭበት አካል ሲሆን፣ በኒውክሊየስ ካለው ዲኤንኤ የተለየ፣ ቀለበት የመሰለ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ ይህ ሙሉው የማይቶኮንድሪያ ጂኖም ይባላል። በአብዛኞቹ ዓሦች ይህ ቀለበት ከ16,000 እስከ 17,000 የሚደርሱ ፊደላት (ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ የሚባሉት የዲኤንኤ ክፍሎች) አሉት፤ በውስጡም 37 ጂኖች ይገኛሉ። ከእነዚህ 13ቱ ፕሮቲን ይሠራሉ፣ 22ቱ የአስተላላፊ አርኤንኤ፣ 2ቱ ደግሞ የራይቦዞም አርኤንኤ ጂኖች ናቸው። ከጂኖቹ ሌላ ተቆጣጣሪ ክልል የሚባል፣ ፕሮቲን የማይሠራና ከሌላው ክፍል ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ቁራጭ አለ። የሰው የማይቶኮንድሪያ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ1981 ሲታተም ርዝመቱ 16,569 ፊደል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው የካርፕ፣ ማለትም አስጋሪዎቻችን ዱባ የሚሉት ዓሣ፣ ጂኖም ደግሞ 16,575 ነው። በሰውና በዱባ መካከል የስድስት ፊደል የርዝመት ልዩነት ብቻ መኖሩ ዛሬም ድረስ ያስገርመኛል። የቆሮሶም ጂኖም ከ16,600 ብዙም የማይርቅ ነው፤ ከብዙ ዓመታት በፊትም ተነብቦ በዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ አንድ ቆሮሶ ከሐይቅ አጥምደው ሙሉውን ቢያስነብቡ በቅድሚያ የሚያገኙት ነገር ዓሣው ቆሮሶ መሆኑን ነው፤ ይህንን ደግሞ መረቡን የሳበው አስጋሪ ያለምንም ወጪ ሊነግርዎ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቆሮሶ ወደ ሐይቅ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ከመጣበት ውኃ ከተለያየ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢሆነው ነው። የዓሣ ማይቶኮንድሪያ ጂኖች በተለምዶ በሚወሰደው ስሌት በአንድ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከመቶ አንድ እስከ ሁለት እጅ ይለወጣሉ እንበል። በዚህ ፍጥነት 16,600 ፊደል ባለው ጂኖም ላይ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ከ166 እስከ 332 ለውጦች ይጠበቃሉ፤ በ50 ዓመት ውስጥ ግን የሚጠበቀው ለውጥ ከአንድ ፊደል መቶኛ እስከ ሁለት መቶኛ ያህል ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ሐይቅ ከገቡት ዓሦች የተወለዱ 100 የእናት መስመሮችን ብንከተል አዲስ ለውጥ የምናገኘው ምናልባት በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ነው። በቅርብ ትውልዶች የሚለካው የለውጥ ፍጥነት ከዚህ ከፍ ሊል እንደሚችል የታወቀ ቢሆንም፣ መደምደሚያውን አይለውጠውም። ሐይቅ ውስጥ ያለው ቆሮሶ የራሱ የሆነ አዲስ የማይቶኮንድሪያ ታሪክ ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም፤ ይዞት የመጣውን እንደያዘ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የምርምሩን መልክ ይወስነዋል። ጥያቄዎ የዘር ሐረግ ዛፍ የመሳል ጥያቄ ሳይሆን የማዛመድ ጥያቄ ነው፤ በሐይቅ የተገኘው የፊደላት ቅደም ተከተል ፊደል በፊደል ከየትኛው ውኃ ዓሣ ጋር አንድ ሆነ ብሎ መጠየቅ ነው። ለማዛመድ ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ በሐይቅ በኩል ብዙ ዓሣ፣ በምንጭነት በሚጠረጠሩት ውኃዎች በኩልም ብዙ ዓሣ። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በአዋሽ ወንዝ ያሉት ቆሮሶዎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ ሳይታወቅ የሐይቁን አንድ ዓሣ ማንበብ፣ የተገኘን የጣት አሻራ የሚያነጻጽሩበት መዝገብ ሳይኖር እንደ መያዝ ነው። የቆሮሶ ዝርያ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኦሬኦክሮሚስ ኒሎቲከስ፣ በሀገራችን ውስጥ ራሱ በንዑስ ዝርያዎች ተከፋፍሎ የተገለጸ መሆኑ ሥራውን ተስፋ ያለው ያደርገዋል፤ የጣናው ለብቻው፣ የስምጥ ሸለቆውና የአዋሹ ለብቻው፣ በአዋሽ ፍል ውኃዎች የሚኖረውም ለብቻው ስም አላቸው። ልዩነቱ በማይቶኮንድሪያቸውም ላይ ካለ የሐይቁን ዓሣ ቢያንስ ከነዚህ ትላልቅ ቡድኖች ወደ አንዱ መመደብ ይቻላል። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል የትኛው እንደሆነ መለየት ግን ከዚያ የበለጠ ከባድ ነው፤ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል በሁለት ሐይቆች ውስጥ ቢገኝ ማይቶኮንድሪያ ብቻውን ሊፈርድ አይችልም።

የዓሣውን ቁጥር በተመለከተ፣ በአንድ ውኃ ውስጥ ካሉት ዓሦች ከመቶ አሥሩ የያዙት ቅደም ተከተል አንድ ዓሣ ብቻ ቢነበብ የመታለፍ ዕድሉ ከመቶ ዘጠና ነው። 20 ዓሣ ቢነበብ ዕድሉ ወደ 12፣ 30 ቢነበብ ደግሞ ወደ 4 ይወርዳል። ስለዚህ ከየውኃው 30 ያህል ዓሣ ወስደው፣ ከእያንዳንዱ 900 ፊደል ገደማ የሚሆነውን ተቆጣጣሪ ክልል ብቻ ቢያስነብቡ፣ ከአንድ ዓሣ 16,600 ፊደል ከማስነበብ የተሻለ መልስ ያገኛሉ። ሙሉ ጂኖም ከዚያ በኋላ በተመረጡ ጥቂት ዓሦች ላይ ይሠራል፤ በተቆጣጣሪ ክልሉ አንድ ዓይነት የመሰሉት በሌላው ክፍል ይለያዩ እንደሆነ ለማየት ይጠቅማልና። ወደ ሐይቁ የገቡት ዓሦች ጥቂት ከነበሩ ደግሞ የሐይቁ 30 ዓሣ ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ቅደም ተከተል ብቻ ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ሲሆን ሥራው የከሸፈ አይምሰልዎት፤ መሥራቾቹ ጥቂት እንደነበሩ የሚያመለክት ራሱን የቻለ ውጤት ነው። ውኃው በአንከርከሃ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቅ የሚወርደውን አርዲቦንም በናሙና ዕቅድዎ ውስጥ ማስገባት ይኖርብዎታል፤ በወንዝ የተገናኙ ሁለት ሐይቆች አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ተገቢ አይሆንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። የቆሮሶ ወገኖች እርስ በርሳቸው በቀላሉ ስለሚዳቀሉ፣ በሌላ የአፍሪካ ክፍል በመልኩ ቆሮሶ የሆነ ዓሣ የሌላ ዝርያ ማይቶኮንድሪያ ተሸክሞ የተገኘበት ሁኔታ አለ። የእናቱን መስመር ብቻ አንብቦ ስለ ዓሣው ሁለንተና መናገር አይቻልም፤ ስለ ድቅልነት ጥያቄ ከተነሳ ከእናትም ከአባትም የሚወረሱትን የኒውክሊየስ ዲኤንኤ ጠቋሚዎች መጨመር የግድ ነው።

ዓላማዎ ከቆሮሶ ታሪክ ይልቅ አንድ አዲስ ሙሉ የማይቶኮንድሪያ ጂኖም ለሳይንስ ማበርከት ከሆነ ግን ዓሣውን እንዲቀይሩ እመክራለሁ። በወንዞቻችን ድንጋይ ሥር የሚኖሩ፣ ከጣት ብዙም የማይረዝሙ፣ ከታች ባለ አፋቸው ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚውሉ ትንንሽ ዓሦች አሉ፤ ወገናቸው በሳይንስ ጋራ ይባላል። ስሙ በአማርኛ ከምናውቀው ጋራ፣ ማለትም ተራራ፣ ጋር ዝምድና የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1822 የጋንጅስን ወንዝ ዓሦች ያጠናው ሐሚልተን ያወጣው ስም ነው። ይሁን እንጂ ለወሎ የተሰጠ ይመስል በሚያምር ሁኔታ ይገጥማል፤ የወሎ ጋራዎች እነዚህን ዓሦች ለሦስት የሚከፍሉ የውኃ መለያ ናቸውና። ከደሴ በስተምሥራቅ ቦርከናና ሚሌ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በስተምዕራብ የበሽሎ ውኃ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ከላስታ በኩል የሚነሳው ደግሞ ወደ ተከዜ። በግማሽ ቀን መንገድ ከቦርከና ተነስቶ በሽሎን ማየት የሚቻልበት ሀገር ቢሆንም፣ በቦርከና ያለ ትንሽ ዓሣ በራሱ ጉልበት በሽሎ የሚደርስበት መንገድ የለውም።

እዚህ ላይ ሙሉ ጂኖም ዋጋ ያገኛል። በሁለቱ ወገን ያሉት ዓሦች ከተለያዩ ብዙ ሺህ ወይም ብዙ መቶ ሺህ ዓመት ሊሆናቸው ይችላል፤ ለውጡም ለመከማቸት ጊዜ አግኝቷል። የኢትዮጵያ ጋራ ዝርያዎች በመልክ ብቻ መለየታቸው አስቸጋሪ በመሆኑ አከፋፈላቸው ዛሬም አከራካሪ ነው። ለዝርያ መለያነት የሚያገለግለው 655 ፊደል ገደማ የሆነ ቁራጭ በቅርብ ዘመዳሞች መካከል አሻሚ መልስ ሲሰጥ፣ 13ቱ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች በአንድ ላይ ከ11,000 በላይ ፊደል ስለሚያበረክቱ ዛፉ የጸና ይሆናል። ከቦርከና ሁለት፣ ከሚሌ ሁለት፣ ከበሽሎ ሁለት፣ ከተከዜ ራስ ሁለት ዓሣ ብቻ ቢነበቡ እንኳ የወሎ ጋራዎች ዓሦቹን መለየት አለመለየታቸው በግልጽ ይታያል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የምመርጠው ይህንን ነው።

የትኛውንም ዓሣ ቢመርጡ የናሙና አያያዙ አንድ ነው፤ ሥራ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ በማሽን ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። ዓሣውን ከውኃው ዳር፣ መረቡን ከሚስቡት አስጋሪዎች እጅ ይውሰዱ። በከተማው ምግብ ቤት ወይም ገበያ የተገዛ ዓሣ ከየትኛው ውኃ እንደመጣ ማረጋገጫ የለውም፤ የመነሻ ጥያቄ ለሚጠይቅ ጥናት ደግሞ ይህ ሞት ነው። ቦታውን በስም ብቻ ሳይሆን በጂፒኤስ መለኪያ ይመዝግቡ፤ በተለይ በእኛ ሐይቅ ላይ ስሙ ራሱ «ሐይቅ» ስለሆነ የውጭ አንባቢ የቱን ሐይቅ እንደሚሉ አይገባውም። ዓሣው ቀለሙ ሳይለወጥ ቁጥር ከተጻፈበት ወረቀት ጋር በጎን በኩል ፎቶ ይነሳ። ከዚያ ከቀኝ ክንፉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ወይም ከጎኑ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ወዲያውኑ 95 ከመቶ ኢታኖል ውስጥ ይግባ፤ ኢታኖሉ ከናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን፤ ከአንድ ቀን በኋላም በአዲስ ይቀየር፤ የመጀመሪያው ከሥጋው የወጣውን ውኃ ስለሚጠጣ ይሳሳልና። መቀሱና መቆንጠጫው ከአንድ ዓሣ ወደ ሌላው ሲያልፉ በበረኪና ታጥበው በንጹሕ ውኃ ይለቅለቁ። ኢታኖል ሲያልቅ በአረቄ ልተካ ወይ ብለው የጠየቁኝ ተማሪዎች ነበሩ፤ አረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ዲኤንኤን ለማቆየት ከሚያስፈልገው መጠን በጣም ያነሰ ነው፤ ውኃው ናሙናውን ያበሰብሰዋል።

ፎርማሊን ለዲኤንኤ ጠላት ነው፤ ፊደላቱን እርስ በርስና ከፕሮቲን ጋር ያቆላልፋቸዋል። ይሁን እንጂ ዓሣው ራሱ፣ የሥጋው ቁራጭ ከተወሰደ በኋላ፣ በ10 ከመቶ ፎርማሊን ጸንቶ ወደ 70 ከመቶ ኢታኖል ተዛውሮ መቀመጥ አለበት፤ በተለይ ዝርያው አከራካሪ ለሆነው ጋራ። ነገ አንድ ተመራማሪ ስሙን ቢጠራጠር አውጥቶ የሚያየው ዓሣ ከሌለ፣ የተነበበው ጂኖም ባለቤት እንደሌለው ደብዳቤ ይሆናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የእንስሳት ሙዚየም የዓሣ ናሙናዎችን ያስቀምጣል፤ የማስረጃ ዓሣዎ እዚያ ቁጥር እንዲያገኝ ቢያደርጉ መልካም ነው።

ስለ ፍሪዘር ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልናገር። በአንድ ወቅት በሥራ ባልደረባነት የተሳተፍኩበት ቡድን የአንድ ሙሉ የበጋ ወራት ናሙና ያለ ኢታኖል፣ በረዶ ብቻ ተማምኖ፣ በአንድ ቤተ ሙከራ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጠ። ኤሌክትሪክ ለሦስት ቀን ጠፋ፤ ጀነሬተሩም ነዳጅ አልነበረውም። ናሙናው ቀልጦ፣ ሸትቶ፣ እንደገና በረደ፤ ከዚያ የወጣው ዲኤንኤ በጄል (ዲኤንኤን በርዝመቱ በሚለየው ዝልግልግ ሰሌዳ) ላይ ጢስ የመሰለ ጥላ እንጂ መስመር አልነበረውም። በ95 ከመቶ ኢታኖል ውስጥ ያለ ክንፍ ግን በክፍል ሙቀት ለወራት ይቆያል፤ ፍሪዘር ቢገኝ ይጨመራል፣ ባይገኝ ሥራው አይቆምም።

ዲኤንኤውን ማውጣት ቀላሉ ክፍል ነው። ሥጋው በፕሮቲኔዝ ኬ ኢንዛይምና በሳሙና መሰል ኬሚካል በ56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያድራል፤ ፕሮቲኑ በጨው ወይም በተዘጋጀ የማጣሪያ ኪት ይወገዳል፤ ዲኤንኤው በአልኮል ይረጋል። ኪት ውድ በሆነበት ቦታ የጨው ዘዴ በቂ ውጤት ይሰጣል። የወጣው ዲኤንኤ በ1 ከመቶ አጋሮዝ ጄል ላይ ወፍራም፣ ከላይ የቆመ አንድ መስመር ካሳየ ለማንኛውም ዘዴ ይሆናል፤ ወደ ታች የተጎተተ ጥላ ካሳየ ረጃጅም ቁራጮችን የሚፈልጉ ዘዴዎች አይሠሩለትም።

ለንባቡ ሦስት መንገድ አለ። የቆየው መንገድ ቀለበቱን በረጅም ፒሲአር (ዲኤንኤን በቤተ ሙከራ በሚያባዛው ዘዴ) በሁለት ወይም በሦስት ትላልቅ፣ ጫፋቸው በሚደራረብ ቁራጮች አባዝቶ፣ እነዚያን በሳንገር ዘዴ ደረጃ በደረጃ ማንበብ ነው። አንድ የሳንገር ንባብ 800 ፊደል ያህል ይሰጣል፤ መደራረቢያው ሲቀነስ ለአንዱ የዲኤንኤ ገመድ 26 ያህል፣ ለሁለቱም ገመዶች ከ50 በላይ ንባብ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱም ፕራይመር፣ ማለትም ንባቡን የሚያስጀምር አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ፣ መሠራት አለበት፤ ስለዚህ አድካሚ ነው። ሁለተኛው መንገድ ጠቅላላውን ዲኤንኤ ሳይመርጡ በኢሉሚና ማሽን በስሱ ማስነበብ ነው። አንድ ሴል በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠሩ የማይቶኮንድሪያ ቅጂዎች ስላሉት፣ ከተነበበው መካከል አንድ ሺህኛው ብቻ እንኳ ከማይቶኮንድሪያ ቢሆን ከ2 ቢሊዮን ፊደል ውስጥ 2 ሚሊዮን ይገኛል፤ ይህም እያንዳንዱን የጂኖሙን ቦታ 120 ጊዜ ያህል መሸፈን ማለት ነው። ለአስተማማኝ ውጤት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ብዙ ዓሣ በአንድ ላይ መለያ ተሰጥቷቸው ስለሚነበቡ ለአንዱ የሚደርሰው ወጪ ይቀንሳል፤ በተጨማሪም የኒውክሊየስ ዲኤንኤ መረጃ በአንድ ወጪ ይገኛል። ዛሬ ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው። ሦስተኛው በእጅ መዳፍ የሚያዝ የናኖፖር ማሽን ነው፤ በአንድ ንባብ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊደላት ስለሚሰጥና ከአንድ ላፕቶፕ ጋር በተራ ክፍል ውስጥ ስለሚሠራ እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ከተሞች ተስፋዬ እርሱ ላይ ነው። ድክመቱ አንድ ፊደል በተከታታይ በተደጋገመበት ቦታ ላይ ቁጥሩን መሳሳቱ ነው፤ ሰባት ጊዜ የተደጋገመውን ስድስት ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ አንዲት ፊደል ስትጎድል ደግሞ የጂኑ ንባብ ከዚያ ወዲያ በሙሉ ይፋለሳል።

የተነበቡትን ቁራጮች የሚገጣጥሙ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ጌት ኦርጋኔልና ኖቮፕላስቲ የሚባሉት ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ናቸው። ጂኖቹ የት እንደሚጀምሩና እንደሚያልቁ ለማመልከት ደግሞ ለዓሣ ብቻ የተሠራው የጃፓኖቹ ማይቶፊሽ ከሌሎቹ ይልቅ ያረካኛል። ይሁን እንጂ የፕሮግራም ውጤት የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ በዓይንዎ የሚያጣሩት ብዙ ነገር አለ። ቀለበቱ መዘጋቱን፣ ማለትም የመጨረሻው ጫፍ ከመጀመሪያው ጋር በእውነተኛ ንባቦች መገናኘቱን ይዩ። በተቆጣጣሪው ክልል ተደጋጋሚ ቁራጮች ካሉ 150 ፊደል ብቻ የሚደርሱ አጫጭር ንባቦች ስንት ጊዜ እንደተደጋገሙ መቁጠር አይችሉም፤ እዚያ ቦታ በሳንገር ወይም በናኖፖር ማረጋገጥ ይገባል። የጂኖቹ አሰላለፍ በአብዛኞቹ ዓሦች የተለመደው የአከርካሪ አጥንት እንስሳት አሰላለፍ ነው፤ 28ቱ ጂኖች በአንዱ ገመድ፣ ኤንዲ6 የሚባለው ፕሮቲን ሠሪና ስምንት አስተላላፊ አርኤንኤዎች በሌላው ገመድ ላይ ናቸው። የእርስዎ ውጤት ከዚህ የተለየ ከሆነ አዲስ ግኝት ነው ከማለትዎ በፊት የመገጣጠም ስህተት መሆኑን ይጠርጥሩ።

ተማሪዎችን በተደጋጋሚ የሚያስደነግጠው ግን የፕሮቲን ጂኖቹ ሲተረጎሙ በመካከል ማቆሚያ (ፕሮቲኑ እዚህ ያልቃል የሚል የሦስት ፊደል ምልክት) የበዛባቸው መስሎ መታየቱ ነው። አንድ ተማሪ የሁለት ወር ሥራው ከንቱ የቀረ መስሎት ፊቱ ጠቁሮ መጥቶ ያውቃል። ስህተቱ ፊደላቱ ወደ አሚኖ አሲድ የሚተረጎሙበት ሰንጠረዥ ነበር። በኒውክሊየስ ማቆሚያ የሆነው ቲጂኤ በአከርካሪ አጥንት እንስሳት ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ትሪፕቶፋን የተባለ አሚኖ አሲድ ነው፤ ኤጂኤና ኤጂጂ በአንጻሩ አሚኖ አሲድ አይሆኑም። ሰንጠረዡን ሲቀይር ማቆሚያዎቹ ጠፉ፤ እኔም በወሎኛ «አብሽር» ብዬ ሸኘሁት። በዓሦች ሲኦ1 የሚባለው ጂን በተለመደው ኤቲጂ ፋንታ በጂቲጂ መጀመሩ፣ አንዳንድ ጂኖችም በቲ ወይም በቲኤ ብቻ ማለቃቸው የተለመደ ነው፤ የጎደለው ማቆሚያ አርኤንኤው ከተሠራ በኋላ በሚጨመርለት የኤ ጅራት ይሟላል። ኤቲፒ8ና ኤቲፒ6 የተባሉት ጂኖችም በ7 ወይም በ10 ፊደል ይደራረባሉ። ትክክለኛው ሰንጠረዥ ገብቶ ማቆሚያ አሁንም በመካከል ካለ ግን ሁለት ነገር ይጠረጠራል። አንዱ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የፊደል መጉደል ነው። ሌላው በጥንት ጊዜ ከማይቶኮንድሪያ ወጥቶ በኒውክሊየስ ዲኤንኤ ውስጥ የተሰነቀረ የሞተ ቅጂ በስህተት መነበቡ ነው፤ ምልክቱ በሳንገር ንባብ ግራፍ ላይ በአንድ ቦታ የሁለት ፊደል ድርብ ጫፍ መታየቱ ወይም የሚደራረቡ ሁለት ቁራጮች በመደራረቢያቸው ላይ አለመስማማታቸው ነው። ረጅም ፒሲአር ይህን አደጋ ይቀንሰዋል፤ የሞቱት ቅጂዎች ብዙውን ጊዜ አጫጭር ናቸውና።

በመጨረሻ ስለ ማስመዝገብ ጠይቀዋል። ቅደም ተከተሉ ጂንባንክ በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ሲገባ ከዓሣው የሙዚየም ቁጥር፣ ከተያዘበት ቀንና ከጂፒኤስ ነጥቡ ጋር ይግባ፤ ጥሬ ንባቦቹም አብረው ይቀመጡ፤ ያለ እነርሱ ሌላ ሰው የመገጣጠም ስህተትዎን ሊያገኝ አይችልም። ንባቡ ውጭ ሀገር የሚሠራ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር አለ። የጄኔቲክ ሀብት ከሀገር የሚወጣው በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ነው፤ በጠርሙስ ውስጥ ያለች የክንፍ ቁራጭም ሆነች በቱቦ ጫፍ ያለች የዲኤንኤ ጠብታ ከዚህ ውጭ አይደለችም። ማመልከቻውን የሚያስገቡት ናሙናው እጅዎ ከገባ በኋላ ሳይሆን የጥናት ዕቅድዎ በትምህርት ክፍሉ በጸደቀበት ሳምንት ይሁን፤ ምክንያቱም ቦርከናና ሚሌ በክረምት ጎርፍ ስለሚሞሉ፣ ትንሹ ዓሣ በድንጋይ ሥር በእጅ መረብ የሚገኘው ውኃው ከጠራ ከጥቅምት በኋላ ነው፤ ፈቃዱም እስከዚያው ሊደርስልዎ ይገባል።